የራስን ሰርቨር ማስተዳደር ወይስ ክላውድ፦ ለሥራ የቱ ያዋጣል?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከዳንግላ መጥቶ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ዓመት አልፎታል። አንድ ማታ በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ያማክሩኝ» አለና ስልኩን ሰጠኝ። ሁለት የሥራ ማስታወቂያዎች ናቸው። አንዱን ያወጣው እዚሁ ክልል ያለ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሊኑክስና ዊንዶውስ ሰርቨር፣ ኔትወርክ፣ ባክአፕ፣ የሰርቨር ክፍል አያያዝ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ሌላው ከቤት ሆኖ የሚሠራለት ሰው የሚፈልግ፣ በዶላር የሚከፍል የውጭ ኩባንያ ነው፤ አማዞን ክላውድን፣ ቴራፎርምና ኩበርኔቲስ የሚባሉ የሰርቨር ማስተዳደሪያ መሣሪያዎችን ይጠቅሳል። «ሁለቱንም ለመማር አቅሙ የለኝም። የቱን ልያዝ?» አለኝ።

ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ኑሮዬን የመሠረትሁት በሰርቨር ሥራ ስለሆነ ጉዳዩ ያገባኛል። ለእሱ ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ኪራይና የራስ ንብረት

አንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ ደመወዝ፣ የታካሚ ካርድ ወይም የተማሪ ውጤት የሚይዝበት ፕሮግራም አለው እንበል። ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። ሰርቨሩ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ኃላፊነቱ ሁሉ የቤቱ ነው። ዲስክ ሲበላሽ የሚቀይረው፣ መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱንና ጄኔሬተሩን የሚያየው፣ ክፍሉ ሲሞቅ ማቀዝቀዣውን የሚያስጠግነው የራሱ ሠራተኛ ነው። ማሽኑን ገዝቶ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ባሉ የዳታ ማዕከሎች ቦታ ተከራይቶ የሚያስቀምጥም አለ። ያኔ መብራቱና ማቀዝቀዣው የማዕከሉ ሥራ ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ያው የባለቤቱ ነው።

ክላውድ ኪራይ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በማርች 2006 (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤስ3 የተባለውን የፋይል ማስቀመጫ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደግሞ ኢሲ2 የተባለውን የኮምፒውተር ኪራይ ከፈተ። ማንም ሰው ካርዱን አስመዝግቦ፣ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ሰርቨር አስነሥቶ፣ ለተጠቀመበት ሰዓት ብቻ የሚከፍልበት ገበያ እንዲህ ተስፋፋ። ማይክሮሶፍትና ጉግል ተከተሉ። አፍሪካ ውስጥ ያሏቸው ማዕከሎች ደቡብ አፍሪካ ናቸው፤ ማይክሮሶፍት በ2019፣ አማዞን በ2020 ኬፕታውን ላይ፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ ላይ ከፍተዋል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ክላውድ ላይ የሚሠራ ሰው እያንዳንዱ ትእዛዙ ያን ሁሉ መንገድ፣ ወይም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወይም ወደ አውሮፓ የሚወስደውን፣ ሄዶ ይመለሳል።

የቱ መቼ እንደሚያዋጣ የአገሬ ገበሬ ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ስንዴ በኩታ ገጠም የሚዘራባቸውን የምሥራቅና የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች ልብ በሉ። ገበሬው በሬውን አይከራይም፤ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያርስበት የራሱ ያደርገዋል። ኮምባይነር ግን አይገዛም። በዓመት ለጥቂት ቀን ነው የሚፈልገው፤ በኩንታል ከፍሎ አሳጭዶ ይሸኘዋል። ሰርቨርም እንዲሁ ነው። ሌሊትና ቀን እኩል የሚሠራ የደመወዝ ወይም የሆስፒታል ሥርዓት የበሬ ሥራ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ በሚሆንበት ቀን ለጥቂት ሰዓት በመቶ ሺዎች የሚጎርፉበት ገጽ ደግሞ የኮምባይነር ሥራ ነው። ለዚያ አንድ ቀን ተብሎ የሚገዛ ማሽን የቀረውን ዓመት ተኝቶ ይከርማል።

ከሥሩ ሲታይ

ልጁ ሁለቱን እንደ ሁለት ሙያ አይቷቸው ነበር። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

የአማዞኑ ኢሲ2 ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ አንድን ትልቅ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ከፋፍሎ ለብዙ ተከራይ ማደል። መጀመሪያ ዜን በተባለ ነፃ ሶፍትዌር ላይ ቆሞ ነበር። ከ2017 ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ማሽኖች መሠረታቸው ኬቪኤም ነው። ይህ ኬቪኤም ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ አካል ሆኖ ማንም በነፃ የሚያገኘው ነው። አንድ ተማሪ ደብረ ማርቆስ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮክስሞክስ የተባለውን ነፃ የቨርቹዋል ማሽን ማስተዳደሪያ ሲጭን ያንኑ ኬቪኤም ነው የሚያንቀሳቅሰው። ክላውዱ ቪፒሲ የሚለው የአይፒ አድራሻ ክፍፍልና ራውቲንግ ነው። ሴኩሪቲ ግሩፕ የሚለው ፋየርዎል፣ ማለትም ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚያግድ አጥር ነው። አርዲኤስ ብሎ የሚያከራየው ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤልን የመሰሉ የምናውቃቸው ዳታቤዞች ናቸው፤ ባክአፑንና ማሻሻያውን ሌላ ሰው ስለሚሠራልን ነው የምንከፍለው። ሩት 53 የተባለው አገልግሎት ስሙን ያገኘው ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚመራው መዝገብ) ከሚሠራበት የፖርት ቁጥር፣ ከ53 ነው።

ዲኤንኤስን ካነሣሁ አይቀር፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ተገቢ ነው። ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ማዕከል ችግር ገጥሞት በዓለም ዙሪያ ብዙ መተግበሪያዎች ለሰዓታት ቆመው ዋሉ። ኩባንያው ራሱ በኋላ እንደገለጸው መነሻው ዳይናሞዲቢ የተባለው ዳታቤዝ የዲኤንኤስ መዝገብ ነበር፤ መዝገቡን በራሱ የሚያድሰው ሥርዓት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ እርስ በርሱ ተጋጭቶ አድራሻውን ባዶ አደረገው። ሰርቨሮቹ በሕይወት አሉ፤ ግን ማንም የት እንዳሉ ማወቅ አልቻለም። የራሱን ዲኤንኤስ ሰርቨር ተክሎ፣ አንድ መዝገብ አጥፍቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሲጨነቅ ያየ ሰው ይህን ዜና ሲያነብ የሆነው ወዲያው ይገባዋል። ቁልፍ መጫን ብቻ የተማረ ሰው ግን «ክላውዱ ወደቀ» ከማለት አያልፍም።

ለዚህ ነው ከታች ጀምሩ የምለው። ሊኑክስ፣ አይፒና ራውቲንግ፣ ዲኤንኤስ፣ የዲስክ አሠራር፣ ባክአፕ፤ እነዚህ ከአማዞን ወደ ማይክሮሶፍት፣ ከማይክሮሶፍት ወደ ራስ ሰርቨር ስትዘዋወሩ አብረዋችሁ ይጓዛሉ። የአንድ ድርጅት የምናሌ ገጽ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል።

ክላውድ የሚያስተምረው

ይህን ስል ሰርቨር ያወቀ ሰው ክላውድን በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል ማለቴ አይደለም። እኔ ራሴ ስገባበት የከበዱኝ ነገሮች አሉ፤ ዋነኞቹ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። በሰርቨር ክፍላችን ሁሉንም ሩት በሚባለው፣ ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት የይለፍ ቃል መሥራት ለምደናል፤ በሩ ይቆለፋል፣ ዘበኛ አለ። ክላውድ ውስጥ በር የለም። ያለው ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም የጽሑፍ ኮድ ነው። ያን ኮድ ሳያስተውል ጊትሀብ የተባለው የፕሮግራም ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ የለጠፈ ሰው፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሌባ ፈልጎ ያገኘዋል፤ በስሙም ሰርቨር እያስነሣ ምናባዊ ገንዘብ ያመርትበታል። ሂሳቡ የሚመጣው ለባለ አካውንቱ ነው። ስለዚህ «ማን፣ የቱን ነገር፣ ምን ያህል እንዲነካ ይፈቀድለት?» የሚለው አይኤኤም የተባለው ሥርዓት ክላውድ ውስጥ የሁሉም ነገር መግቢያ ነው። ይህን በደንብ የያዘ ሰው በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ወዲያው ይለያል።

ሁለተኛው መሠረተ ልማትን በጽሑፍ መግለጽ ነው። የእኛ ሰርቨሮች ብዙዎቹ በአንድ ሰው እጅና ትዝታ የተሠሩ ናቸው፤ ያ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ምን እንደተሠራ የሚያውቅ አይኖርም። በክላውድ ዓለም ሰርቨሩ፣ ኔትወርኩ፣ ፋየርዎሉ ሁሉ እንደ ቴራፎርም ባለ መሣሪያ በፋይል ይጻፋል፤ ፋይሉ ሲሮጥ ሁሉም ነገር ይተከላል፣ ሲጠፋም በዚያው ፋይል እንደገና ይሠራል። የቴራፎርም ባለቤት በ2023 የፈቃድ ደንቡን ሲያጠብቅ ኦፕንቶፉ የተባለ ነፃ ቅጂ ወጥቷል፤ አጻጻፉ ያው ነው። በእኔ ግምት ከክላውድ ሊወሰድ የሚገባው ትልቁ ልማድ ይህ ነው። ጥሩነቱ ደግሞ በራስ ሰርቨር ላይም መለማመድ መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የገዛኸው ሰርቨር አንዴ ያስከፍልሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ክላውድ ግን እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። ናት ጌትዌይ የሚባል አንድ ነገር አለ፤ ሥራው የተደበቁ ሰርቨሮችን ወደ ኢንተርኔት ማሳለፍ ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ላይ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነገር ነው። አማዞን አሜሪካ ባሉት ማዕከሎቹ ለዚህ በሰዓት 4.5 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍላል። ትንሽ ይመስላል፤ በወር ሲደመር ወደ 33 ዶላር ነው፣ የሚያልፈው ዳታ ክፍያ ሳይጨመር። ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ ከኢንተርኔት የሚታይ እያንዳንዱ የአይፒ ቁጥር 4 አድራሻ ለብቻው በሰዓት ግማሽ ሳንቲም ይከፈልበታል። ዳታ ወደ ክላውዱ ሲገባ በነፃ ነው፤ ሲወጣ ነው የሚቆጠረው።

በብር እናስላው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያ 33 ዶላር ከ1,900 ብር በታች የነበረው ከ3,300 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ማንም ምንም ሳይነካ፣ አንድ ሰርቨር ሳይጨመር። እዚህ አገር ያለ ድርጅት ክላውድ ሲያስብ ይህን የሚያሰላለት ሰው ይፈልጋል። «ይህ ሥራ በክላውድ ይህን ያህል፣ በራሳችን ማሽን ደግሞ በአምስት ዓመት ይህን ያህል ያወጣል» ብሎ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ሁለቱንም ወገን ያየ ሰው ብቻ ነው።

ቀጣሪው ማን ነው?

በአካባቢያችን የሚቀጥሩት በአብዛኛው መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎች፣ ባንኮችና ፋብሪካዎች ናቸው። ሰርቨራቸው ግቢያቸው ውስጥ ወይም አዲስ አበባ ነው። ምክንያቱም ብዙ ነው፦ በዶላር መክፈል ከባድ ነው፤ የኢንተርኔት መስመር ይቆራረጣል፤ ሕጉም አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ከአገር ማውጣትን በሁኔታ ይገድባል። የታካሚ መዝገብን ኬፕታውን ላስቀምጥ የሚል ሰው መጀመሪያ አዋጁን ማንበብ አለበት።

የኢንተርኔቱን ነገር እኛ በተለየ ሁኔታ እናውቀዋለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወቅት ፋይሉን ሁሉ ውጭ አገር ያስቀመጠ፣ ሥራውም ከርቀት የነበረ ሰው ምን እንደደረሰበት ያየ ያውቀዋል። በግቢ ኔትወርክ ላይ የቆመ ሥርዓት ግን መሥራቱን ቀጥሎ ነበር። ይህ ልምድ የእኛ ብቻ ቢመስልም የሙያው ማዕከላዊ ጥያቄ ነው፦ መስመሩ ሲቋረጥ የትኛው ሥራ መቆም የለበትም? ይህን ጥያቄ በኑሮው የመለሰ የጎጃም ልጅ ለውጭ ቀጣሪም ቢሆን የሚናገረው ነገር አለው።

የውጭው ገበያ ሌላ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ማመልከቻ የሚደርሰው ቀጣሪ መጀመሪያ በቃል ያጣራል፤ አማዞን፣ አዡር (የማይክሮሶፍት ክላውድ)፣ ኩበርኔቲስ፣ ቴራፎርም የሚሉ ቃላት የሌሉበት ሲቪ ሰው ሳያነበው ሊወድቅ ይችላል። ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ግን እውነታው ይህ ነው። አሥር ዓመት ሰርቨር ያስተዳደረ ሰው በዚህ ማጣሪያ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ አንጀቴን በልቶኛል።

በሌላ በኩል እዚያም ቢሆን ሁሉ ወደ ክላውድ እየሄደ አይደለም። ኔትፍሊክስ በ2008 ዳታቤዙ ተበላሽቶበት ወደ አማዞን መጓዝ ጀምሮ በ2016 አጠናቀቀ። ድሮፕቦክስ ግን በተቃራኒው የደንበኞቹን ፋይል ከአማዞን አውጥቶ ወደ ራሱ ማሽኖች አዛወረና በሁለት ዓመት ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደቀነሰ በ2018 ለአክሲዮን ገበያ ባቀረበው ሰነድ ገልጿል። ቤዝካምፕ የተባለውን የሥራ ማስተባበሪያ ፕሮግራም የሚሠራው 37ሲግናልስ በ2022 ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ በዚያው ዓመት ከክላውድ እንደሚወጣ አስታወቀና የራሱን ሰርቨሮች ገዛ። በ2023 መጨረሻ ብሮድኮም የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሸጠውን ቪኤምዌርን ሲገዛና ለዘለቄታ የሚሸጠውን ፈቃድ ሲያስቀር ደግሞ ፕሮክስሞክስን ወደመሰሉ ነፃ አማራጮች ፊታቸውን ያዞሩ ድርጅቶች ብዙ ናቸው። ሰርቨርን ከዲስኩ ጀምሮ የሚያውቅ ሰው ዛሬም ይፈለጋል፤ ይልቁንም ወጣቱ ሁሉ በቀጥታ ወደ ክላውድ እየገባ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ማስረጃው

የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል ወይ? የአማዞኑ የአሶሺየት ደረጃ የአርክቴክት ፈተና 65 የምርጫ ጥያቄ ነው፤ ዋጋው 150 ዶላር። ማጣሪያውን ለማለፍ ይረዳል፤ ሰውየው መሥራት እንደሚችል ግን አያሳይም። የሬድ ሃቱ አርኤችሲኤስኤና የኩበርኔቲሱ ሲኬኤ ግን ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ እየሠሩ የሚፈተኑት ነው፤ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ በተግባር የሚፈትነውን አስቀድማለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ የወደቀ ነገር አንሥተህ ታውቃለህ? ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሬይድ 5 በሚባለው፣ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያጣምር ዘዴ ላይ የቆመ የፋይል ሰርቨር ነበረን። ሬይድ 5 አንድ ዲስክ ቢሞት ይችላል፤ ሁለት ከሞቱ አለቀ። አንዱ ከሞተ ቆይቶ ኖሮ ቀይ መብራቱን ያየ አልነበረም። ሁለተኛው ሲሞት ወደ ባክአፑ ሮጥን። ባክአፑ በየሌሊቱ ይወሰዳል፤ የመጨረሻዎቹን ስንከፍታቸው ግን ፋይሎቹ ስም እንጂ ይዘት የላቸውም። የባክአፕ ዲስኩ ሞልቶ ነበር፣ ማንም መልሶ አንሥቶ ሞክሮ አያውቅም። የአራት ወር ሥራ ከሠራተኞች ኮምፒውተር፣ ከኢሜይል፣ ከወረቀት እየለቀምን መለስን። የጥፋቱ ድርሻ የእኔም ነበር፤ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ክላውድ ላይም ሕጉ አይለወጥም። ኤስ3 ፋይልን በዲስክ ብልሽት ላለማጥፋት በ99.999999999 በመቶ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የራስህ ሠራተኛ በስሕተት ቢሰርዘው ግን፣ የቀድሞ ቅጂ እንዲያስቀምጥ አስቀድመህ ካላዘዝኸው፣ ይሰርዝልሃል።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ እንዲህ አልኩት። «መርካቶ ወይም ጨረታ ላይ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ፈልግ። ፕሮክስሞክስ ጫንበት፤ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አንሣ። በአንዱ ዲኤንኤስ፣ በአንዱ ፖስትግሬስ፣ በአንዱ ድረ ገጽ አቁም። እናትህ ሱቅ የምትይዘውን የዱቤ መዝገብ አስገባበት፤ በእውነት የሚጠቀምበት ሰው ሲኖር ነው መጥፋቱ የሚያስጨንቅህ። ከዚያ ሁሉንም አጥፋና በእጅህ ሳትነካ አንሲብል በሚባለው መሣሪያ በጽሑፍ መልሰህ ሥራው። ያ ሲሳካ ያንኑ በኦፕንቶፉ ክላውድ ላይ አንሣ። አማዞን ከጁላይ 2025 ወዲህ ለአዲስ አካውንት 100 ዶላር፣ የተወሰኑ ሥራዎችን ስትጨርስ ደግሞ እስከ 100 ተጨማሪ ክሬዲት ይሰጣል። የመጀመሪያ ሥራህ የወጪ ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ይሁን። ተለማምደህ ስትጨርስ ማታውኑ አፍርሰው።»

«ለአገሩ መሥሪያ ቤትስ ሲቪዬ ላይ የትኛውን ልጻፍ?» አለኝ።

«ሥራው አንድ ነው፤ አጻጻፉ ይለያያል። ለመሥሪያ ቤቱ ዲስኩን፣ ዩፒኤሱን፣ ባክአፑን አስቀድም። ለውጭው ኮዱን ጊትሀብ ላይ አድርገህ አሳየው። ለሁለቱም ግን አንድ መስመር አይቅር፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ በስንት ጊዜ እንደመለስኸው።»

ወደ ዳንግላ ከተመለሰ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ደወለልኝ። ከኋላው የሱቁ ጫጫታ ይሰማል። ዲስኩን ሆነ ብሎ ነቅሎ፣ ባዶ ዲስክ ተክቶ፣ መዝገቡን ከባክአፕ መልሶ ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ስሞክረው 3 ሰዓት ፈጀብኝ። በሦስተኛው 40 ደቂቃ ሆነ» አለኝ። ሁለቱንም ቁጥር ጻፍ፣ 3 ሰዓቱ ለምን 40 ደቂቃ እንደሆነም ጨምር አልኩት።